ትንሽ የኮምፒውተር ኬዝ ውስጥ የውሃ ማቀዝቀዣ ላስገባ ነው፤ እቃው የሚመጣው አንዴ ብቻ ስለሆነ እቅዴን እዩልኝ

የሌሊት ሬንደር (አዲስ አበባ)

ሰላም ለሁላችሁ።

ሥራዬ የሕንፃ ምስል ነው። ገና መሠረቱ ያልወጣ አፓርታማ ብሌንደር በሚባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም እሠራለሁ። ሶፋ አስቀምጬ፣ መጋረጃ ሰቅዬ፣ በመስኮቱ የጠዋት ፀሐይ አስገብቼ ለሚሸጡት ሰዎች እሰጣለሁ። ቀን ሞዴሉን እሠራለሁ፤ ሌሊት ኮምፒውተሩ ሬንደር ሲያደርግ፣ ማለት ሞዴሉን ወደ ምስል ሲቀይር፣ ያድራል። የምንኖረው አያት ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፣ ስቱዲዮ ቤት ነው። ኮምፒውተሩ፣ አልጋችንና የሰባት ወር ልጃችን አንድ ክፍል ውስጥ ናቸው።

ችግሩ ገብቷችኋል። ሬንደሩ ሲጀምር የግራፊክስ ካርዱ ሦስት ፋኖች አንድ ላይ ይነሳሉ። ባለቤቴ «ሄሊኮፕተሩ ተነሳ» ትላለች። ልጁ መጀመሪያ እየነቃ ያለቅስ ነበር። አሁን ለምዶት፣ ጭራሽ ሬንደሩ አልቆ ድምፁ ሲቆም ነው የሚነቃው። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ሥራ ባለቀ ቁጥር እኔም እነቃለሁ ማለት ነው።

ያለኝ እቃ ይኸውላችሁ። ኬዙ ኩለር ማስተር ኤንአር200 ነው፣ 18 ሊትር። ፕሮሰሰሩ ራይዘን 9 5900ኤክስ፣ ካርዱ አርቲኤክስ 3080 ባለ 10 ጊጋ፣ ፓወር ሰፕላዩ ትንሿ ኤስኤፍኤክስ 750 ዋት። ሌሊት ላይ ካርዱ 83 ዲግሪ ላይ ወጥቶ እዚያው ያድራል።

ትልቅ ኬዝ ግዛ እንዳትሉኝ። ጠረጴዛዬ 90 ሳንቲ ነው፤ ግማሹን የጡጦ ማሞቂያው ይዞታል። ደግሞ በሳምንት አንድ ቀን ኮምፒውተሩን በቦርሳ ይዤ ቦሌ ደንበኞቼ ጋ እሄዳለሁ። ሚኒባስ ውስጥ ጭኔ ላይ አቅፌው ነው የምሄደው።

እህቴ ለገና ከቨርጂኒያ ትመጣለች። ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ። ከዚያ ውስጥ ለእኔ የተፈቀደልኝ 5 ኪሎ ነው። የቀረው የእናቴ ቫይታሚን፣ የጎረቤት ጫማና የማላውቀው ሰው ላፕቶፕ ነው። አንዲት ፊቲንግ (የቱቦ መገጣጠሚያ) ብትጎድል መርካቶ ወርጄ የማገኛት ነገር አይደለችም። የሚቀጥለው መንገደኛ እስኪገኝ ፋሲካ ይደርሳል። ስለዚህ ዝርዝሩን አንዴ፣ ሳይጎድል መላክ አለብኝ።

ያሰብኩት እንዲህ ነው። በጎን በኩል 280 ራዲያተር፣ ከታች 240። ለፕሮሰሰሩም ለካርዱም የውሃ ብሎክ፣ ማለት ላያቸው ላይ ተገጥሞ ውሃ የሚያልፍበት መዳብ። ዲዲሲ ፓምፕ ከትንሽ የውሃ ጋን ጋር። ቱቦው ጠንካራው፣ የሚያበራው አክሪሊክ ይሁን ብዬ ነበር። ለምን አትበሉኝ፤ ያምራላ።

የምጠይቃችሁ፦ ይገባል ወይ? ይበቃል ወይ? ውሃው ከየት ይመጣል? መብራት ሲጠፋስ ምን ይሆናል? አጎቴ ቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ «ሁሉንም ጥርስ በቴፍሎን እንጠቀልለዋለን፣ አታስብ» ብሎኛል። እኔ ግን እያሰብኩ ነው።

ነፋስ ይበቃል

ወንድሜ፣ ከመላክህ በፊት አንድ ብር የማያስወጣ ነገር ሞክር። የካርዱን የኃይል ጣሪያ አውርደው። 3080 ሲወጣ 320 ዋት ነው የሚበላው። 250 ላይ አስረው። ፍጥነቱ ትንሽ ይቀንሳል፤ ድምፁ ግን በጣም ይቀንሳል። ያው ሌሊት ነው የሚሠራው፤ 20 ደቂቃ ቢዘገይ ማን ያየዋል?

ሁለተኛው ዘዴ፣ የካርዱን የራሱን ፋኖችና ፕላስቲክ ሽፋኑን ፍታ። ከኬዙ ወለል ላይ ሁለት ባለ 120 ፋን አድርገህ ወደ ላይ ወደ ካርዱ እንዲነፉ አድርግ። ኤንአር200 ላይ ብዙ ሰው ያደርገዋል። ትልልቅ ፋን በዝግታ ሲዞር ከሦስት ትንንሽ ፋን ጩኸት ይሻላል። እኔ ሦስት ዓመት ሆነኝ። ውሃ የለ፣ ፓምፕ የለ፣ ጭንቀት የለ።

ውሃ ለማስገባት ከወሰንክ ግን አልከለክልህም። በሽታው እንዳለብህ ያስታውቃል።

ጋሽ ራዲያተር (ቨርጂኒያ)

ልጄ፣ ከላይ የጻፈው ልጅ እውነቱን ነው። 250 ዋቱን ዛሬውኑ አድርግ። ውሃ ብታስገባም ባታስገባም ይጠቅምሃል።

እኔ ሥራዬ ኤሲ ነው። 25 ዓመት የሰው ቤት ጣሪያ ላይና ምድር ቤት ስወጣና ስወርድ ኖሬያለሁ። ጋሽ ራዲያተር ያሉኝ የራሴ ልጆች ናቸው፤ በ2021 እንዳንተው ኤንአር200 ውስጥ ውሃ ካስገባሁ በኋላ። ሁለት ጊዜ ሠርቼዋለሁ። አንደኛውን አበላሽቼ፣ ሁለተኛውን አስተካክዬ።

መጀመሪያ የሙቀቱን ሂሳብ እንያዝ። ካርዱ 320 ዋት፣ ፕሮሰሰሩ እስከ 142 ዋት ይደርሳል። ድምሩ 462። ይህ ትንሽ ምድጃ ነው። ውሃ ሙቀቱን አያጠፋውም፤ ከካርዱ ተሸክሞ ራዲያተሩ ጋ ያደርሰዋል፣ ያ ብቻ ነው። ክፍላችሁ መሞቁ አይቀርም። የምታተርፈው ዝምታ ነው። ካርዱን 250፣ ፕሮሰሰሩን 120 ላይ ካሰርከው 370 ዋት ይቀርሃል። እኔ በዚህ ቁጥር ነው የምሄደው።

አሁን እዚያ የምትኖሩ ልጆች የማታስቡትን ነገር ልንገርህ። ዴንቨር ስሠራ ኤሲ ስንመርጥ የከፍታ ማስተካከያ ሳናደርግ አንገዛም ነበር። ዴንቨር 1,600 ሜትር ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 በላይ ነው። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር በሩብ ገደማ ይሳሳል። ፋኑ በደቂቃ የሚገፋው የአየር ስፋት ያው ነው፤ ክብደቱ ግን ያንሳል። ሙቀት የሚሸከመው ደግሞ ክብደቱ ነው። ስለዚህ ቪዲዮ ላይ «በዚህ ራዲያተር ይህን ያህል ዲግሪ አገኘሁ» የሚልህ ሰው ባሕር አጠገብ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ያንተ ራዲያተር ከእሱ ሦስት አራተኛ ያህል ነው ብለህ አስብ። አንድ 240 ብቻ አይበቃህም፤ ሁለት ያስፈልግሃል። ደግነቱ ክፍልህ 20 እና 21 ዲግሪ ነው። እዚህ በበጋ ያቺን የሚያገኘው ኤሲ የከፈለ ሰው ነው።

ስለ መጠኑ። 240 የሚባል ራዲያተር ርዝመቱ 240 ሚሊ አይደለም። 240 ማለት ሁለቱ ፋኖች ናቸው። ጫፍና ጫፉ ላይ ውሃ የሚዞርበት ጓዳ ስላለው 28 ሳንቲ ገደማ ይሆናል። 280ው ከ31 ያልፋል። ኬዙ ውስጥ ይገባል፣ አዎ። ግን ከጫፉ ፊቲንግ ይወጣል፣ ከፊቲንጉ ጎሚቶ (መታጠፊያው)፣ ከጎሚቶው ቱቦ። ኬዙ ውስጥ ሚሊሜትር የሚያልቅብህ እዚያ ነው። እኔ መጀመሪያ 280 በጎን አስገብቼ ቱቦውን የማዞርበት አጥቼ፣ ለሁለተኛው 240 አደረግኩ። ከታችም 240፣ ውፍረቱ 30 ሚሊ የሆነ። የካርዱን ትልቁን ማቀዝቀዣ አውልቀህ ብሎክ ስታደርግለት ካርዱ በጣም ይቀጥናል፤ ከሥሩ 30 ራዲያተርና 25 ፋን የሚገባበት ቦታ ይከፈታል። ሁለቱም ራዲያተሮች አየር ወደ ውስጥ ይሳቡ፤ ከላይ ያሉት ሁለት ፋኖች ያውጡት።

ከመላክህ በፊት ግን የጫማ ካርቶን ውሰድ። ቀልዴን አይደለም። ራዲያተሩን በልኩ ቆርጠህ ሥራው፣ ፋኑን ሥራው፣ ፓምፑን ሥራው፣ በፕላስተር ለጥፍና ኬዙ ውስጥ አስቀምጠው። ቱቦ ለሚሆንህ የቆየ የኔትወርክ ገመድ ተጠቀም። አንድ ቅዳሜ ይፈጅብሃል። ከእህትህ የ5 ኪሎ ኮታ ይልቅ ቅዳሜህን ብታባክን ይሻላል።

የቱ መጀመሪያ ይቀዝቅዝ፣ ካርዱ ወይስ ፕሮሰሰሩ እያልክ አትጨነቅ። በደቂቃ አንድ ሊትር ብቻ ቢዞር እንኳ 370 ዋት አልፎበት ውሃው የሚሞቀው በ5 ዲግሪ ገደማ ነው። ሁለት ሊትር ከሆነ ከ3 በታች። ስለዚህ ቱቦው አጭር በሚሆንበት በኩል ሂድ። የማይቀየር ተራ አንድ ብቻ ነው። የውሃ ጋኑ ከፓምፑ በፊትና ከፍ ብሎ ይሁን፣ ፓምፑ ሁልጊዜ ውሃ ይጉረስ። ደረቁን ከዞረ ይሞታል።

ዲዲሲ መምረጥህ ጥሩ ነው። ዲ5 የሚባለው የበለጠ ዝም ይላል፣ ግን ድብልብል ነው፣ ለዚህ ኬዝ ይከብዳል። ዲዲሲ እስከ 18 ዋት ይበላል። ማዘርቦርዱ ላይ ካለችው የፋን መሰኪያ ኃይል እንዳትሰጠው፤ አትችለውም። ኃይሉን ከፓወር ሰፕላዩ፣ የፍጥነት ገመዱን ብቻ ከማዘርቦርዱ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ሰው ሁሉ እቅድ ሲያወጣ ከፕሮሰሰሩ ይጀምራል። አንተ ከመጨረሻው ጀምር። ይህ ውሃ በየት በኩል ይወጣል?

የመጀመሪያዬን ስሠራ ይህን አልጠየቅኩም። ያማረ ነበር፣ ጠንካራ ቱቦ፣ ልክ እንዳንተ ምኞት። የፋሲካ ዋዜማ ጨረስኩ። በማግስቱ እንግዳ ይመጣል፣ ለወንድሜ ላሳየው ቸኩያለሁ። የፍሳሽ ፍተሻውን ዘለልኩት። ሌሊት ላይ ባለቤቴ ከቅዳሴ ስትመለስ «ምን ይንጠባጠባል?» አለችኝ። የሚሽከረከረው ጎሚቶ ውስጥ ያለው ኦሪንግ (ውሃ የሚያቆመው የላስቲክ ቀለበት) ሳጠብቀው ከቦታው ተንሸራቶ ኖሯል። ጠብታው ካርዱ ጀርባ ላይ ወርዶ ኩሬ ሠርቷል። ኤሌክትሪኩን ነቀልኩ። ከዚያ ውሃውን ላወጣ ስል መውጫ የለውም። ዝቅተኛው ቦታ ካርዱ ሥር ነበር፤ ቱቦውን እንዳልነቅለው በካርዱ ላይ ይፈሳል፣ እንዳልተወው እየንጠባጠበ ነው። ኬዙን እንዳለ ተሸክሜ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ገለበጥኩት። በዓለ ፋሲካ፣ ነጭ ልብስ ለብሼ። ካርዱን ፈትቼ ሦስት ቀን በፋን አደረቅኩት። ተረፈ። ወንድሜ ያየው ካርቶን ላይ የተበተነ ብሎን ነው።

ስለዚህ መውጫውን በኬዙ ዝቅተኛ ማዕዘን ላይ አድርግ፣ እጅህ በሚደርስበት፣ ከሥሩ ኮምፒውተር በሌለበት። አንድ ቲ (ሦስት አፍ ያለው መገጣጠሚያ)፣ ከቲው አንድ ትንሽ ቫልቭ፣ ከቫልቩ አፍ ላይ መክደኛ። መክደኛውን እንዳትረሳ፤ ቫልቭ በቦርሳ ውስጥ ነካ ተደርጎ ሊከፈት ይችላል።

ጠንካራ ቱቦ ይዘህ ደግሞ ከአያት ቦሌ በሚኒባስ? ተው። ለስላሳውን፣ ጥቁሩን የላስቲክ ቱቦ እዘዝ፤ ኢፒዲኤም ይባላል። 10 በ13 የሆነውን፤ 2 ሜትር ይበቃሃል። አያምርም። ይሁን፣ ጎኑን ዝጋው።

አንዲት ከዱባይ

ጋሼ ስለ ጥቁር ቱቦው ያሉት ልክ ነው። እኔ ግልጹን፣ ውስጡ የሚታየውን ነበር ያደረግኩት። ውሃውንም ሮዝ ቀለም ጨመርኩበት። በስምንት ወር ቱቦው እንደ አሮጌ ፕላስቲክ ኮዳ ደፈረሰ። ከፕላስቲኩ ውስጥ ማለስለሻው እየወጣ ውሃው ውስጥ ገብቶ፣ የፕሮሰሰሩ ብሎክ ውስጥ ያሉት ፀጉር የሚያህሉ መስመሮች ላይ ነጭ ሙጫ ሆኖ ተለጠፈ። በጥርስ ብሩሽ ነው ያጸዳሁት።

ሌላ ነገር። ራዲያተር ስታዝ መዳብ መሆኑን አረጋግጥ። ብሎኮቹ መዳብ ናቸው። ርካሽ ነው ተብሎ የአሉሚኒየም ራዲያተር ከመዳብ ጋር አንድ ውሃ ውስጥ ከገባ፣ አሉሚኒየሙ ይበላል። ውሃው ውስጥ ባትሪ እንደ ሠራህ ቁጠረው።

የካርዱን ብሎክ ስትገዛ ደግሞ «ለ3080» የሚለውን ብቻ አይተህ አትግዛ። የካርዱ ቦርድ በየአምራቹ ይለያያል፤ የብሎኑ ቀዳዳና የሜሞሪው ቦታ አይገጥምም። ከካርዱ ጀርባ ያለውን ሙሉ የሞዴል ቁጥር ፎቶ አንሥተህ ከብሎኩ አምራች ዝርዝር ጋር አመሳክር። በውስጡ የሚመጣውን የሙቀት ፓድ ውፍረትም ቀላቅለህ እንዳትለጥፍ። የዚህ ካርድ ሜሞሪ በጣም ይሞቃል።

እዚህ ሙቀቱን ታውቁታላችሁ። ኤሲው ከተዘጋ ክፍሌ 33 ይገባል። ያኔ ውሃ ምን ሊያደርግ ይችላል? ከክፍሉ በታች አይቀዘቅዝም።

የሌሊት ሬንደር

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እርስዎ የነገሩኝን ለባለቤቴ አነበብኩላት፤ ነጭ ልብሱ ላይ ስደርስ ሳቀች፣ ከዚያ «አንተም እንደዚሁ ነው የምትሆነው» አለችኝ።

ካርቶኑን ሠራሁ። የ280ው ነገር እውነትዎን ነው። በካርቶን ይገባል፤ በገመዱ ዙሬ ስሞክር ከማዘርቦርዱ ትልቁ የኃይል ገመድ ጋር ተፋጠጠ። 240 አድርጌዋለሁ። 250 ዋቱንም አስሬዋለሁ። ሄሊኮፕተሩ ወደ ባጃጅ ወርዷል። ግን ባጃጅም አልጋ አጠገብ ባጃጅ ነው።

የቀሩኝ ጥያቄዎች ሦስት ናቸው፦ ቴፍሎኑ፣ ውሃውና መብራቱ። ፊቲንግስ ስንት ልዘዝ?

ጋሽ ራዲያተር (ቨርጂኒያ)

ለአጎትህ ሰላም በልልኝ፤ ቴፍሎኑን ግን ኪሱ ውስጥ ይተውልን። ቤት ውስጥ ባለው ቧንቧ ውሃውን የሚይዘው ጥርሱ ነው፣ ስለዚህ ይጠቀለላል። እዚህ ጥርሱ መያዣ ብቻ ነው። ውሃ የሚያቆመው ኦሪንጉ ነው፣ ወለሉ ላይ ተጭኖ። ቴፍሎን ከተጠቀለለበት ፊቲንጉ ወርዶ አይቀመጥም፣ ኦሪንጉም ሳይጫን ይቀራል። ብጥስጣሹ ደግሞ ዞሮ ዞሮ ልጅቷ ያለችው ፀጉር የሚያህለው መስመር ላይ ይሰነቀራል። በእጅ አጥብቅ። ፒንሳ አታስነካ፤ የብሎኩ ክዳን አክሪሊክ ከሆነ ይሰነጠቅብሃል። ኦሪንጉን በአንድ ጠብታ ውሃ አርጥበው። ያን ፋሲካ እንደዚያ ባደርግ ኖሮ አይንሸራተትም ነበር።

ፊቲንጉን እንቁጠር። የፕሮሰሰር ብሎክ ሁለት አፍ፣ የካርድ ብሎክ ሁለት፣ ሁለት ራዲያተር አራት፣ ፓምፕና ጋን ሁለት። አሥር። ስለዚህ አሥር የቱቦ ፊቲንግ። የምትቆጥራቸው አሥር ናቸው፣ የምታዝዘው 12። በሚሽከረከር ጎሚቶ ላይ አትሰስት፤ ትንሽ ኬዝ ውስጥ ቱቦ ታጥፎ ይታነቃል፤ በጎሚቶ ግን ይዞራል። ስድስት እዘዝ፣ ካርቶኑ ላይ አራት ብቻ ቢያስፈልግህም። ለመውጫው ቲ፣ ቫልቭ፣ መክደኛ፣ ከዚያ ቲውን ከቱቦው መሐል የምታገናኝባቸው ሁለት ተጨማሪ የቱቦ ፊቲንግ። አሁን 14 ሆነ። ሰው ሁሉ የሚረሳት ይህቺን ሁለት ነው። የመሙያውን ክዳን ጋኑ ላይ ካለ ተወው። አንድ ከረጢት ትርፍ ኦሪንግ። ሁሉም በአንድ ዓይነት ጥርስ፣ ሩብ ኢንች ነው፤ ቱቦውና ፊቲንጉ ግን 10 በ13 ከሆነ ሁለቱም 10 በ13 ይሁኑ። አንዱን 10 በ16 ያዘዘ ሰው አውቃለሁ። መስተዋት ሳይ ነው የማየው።

ውሃ ከአሜሪካ ታስመጣለህ እንዴ? እህትህ ትታዘብሃለች። ከውሃ ጋር የሚቀላቀለውን የፈሳሽ ጭማሪ ትንሽ ጠርሙስ ብቻ እዘዝ፤ ዝገትና አልጌ የሚከላከለው እሱ ነው። ውሃውን እዚያው የመኪና መለዋወጫ ሱቅ የባትሪ ውሃ ብለህ ግዛ። የባትሪ ውሃ፣ የባትሪ አሲድ አይደለም። ሁለት ጊዜ አንብበው፣ ከዚያ ሻጩንም ጠይቀው። የቧንቧና የታሸገ የመጠጥ ውሃ አይሆንም፤ ማዕድን አለው። አንድ ሊትር ይበቃል፤ ራዲያተሩን መጀመሪያ ለማጠቢያ የሚሆን ሌላ አምስት ሊትር ግን ያዝ። አዲስ ራዲያተር ውስጥ የብየዳ ቆሻሻ አለ። እያወዛወዝክ እጠበው፣ የሚወጣው ውሃ ንጹሕ እስኪሆን።

መብራት ሲጠፋ ምንም አይሆንም። ፓምፑ ይቆማል፣ ካርዱም አብሮ ይቆማል፣ የሚያሞቅ የለም። ውሃው ባለበት ይተኛል። የምትፈራው መብራቱ ሲመለስ ፓምፑ ባይነሳ ነው። ባዮሱ (የማዘርቦርዱ የራሱ ማስተካከያ) ውስጥ የፓምፑ ዙር ዜሮ ከሆነ ኮምፒውተሩ እንዳይነሳ ወይም እንዲጮህ አድርገው። ሌሊት የምትተኛ ሰው ስለሆንክ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ) ይኑርህ፤ ለውሃው አይደለም፣ ለሬንደርህ።

ስትጨርስ ፍተሻ። በእጅ የምትነፋ ትንሽ ፓምፕ ከጌጅ ጋር አብራ ትላክልህ፤ ግማሽ ባር አየር ሞልተህ ግማሽ ሰዓት ተወው። መርፌው ካልወረደ ውሃ ሙላ። ስትሞላ ትልቁን ባለ 24 መሰኪያ ከማዘርቦርዱ ንቀል፣ የካርዱንና የፕሮሰሰሩንም ንቀል፤ ፓምፑ ብቻ ይቅር። መሰኪያው ላይ አረንጓዴውንና አንዱን ጥቁር ገመድ በወረቀት ክሊፕ አገናኝ፤ ፓወር ሰፕላዩ ይነሳል። ጋኑ ሊያልቅ ሲል አጥፋ፣ ሙላ፣ አብራ። ከየፊቲንጉ ሥር ሶፍት አንጥፍ። ሶፍት አይዋሽም። ኬዙን እያዘነበልክ አየሩን አውጣ። ከዚያ አንድ ሌሊት ይዙር፣ ኮምፒውተሩ ሳይነሳ።

እንግዳ የሚመጣ ከሆነ ሌላ ቀን አድርገው።

ነፋስ ይበቃል

14 ፊቲንግ፣ 6 ጎሚቶ፣ 2 ራዲያተር፣ 1 የባትሪ ውሃ። የእኔ ዝርዝር፦ 2 ፋን። ዝም ብዬ ነው።

የሌሊት ሬንደር

ሁለት ወር ሆነኝ፤ ወሬውን ላድርሳችሁ።

እህቴ በሰላም ገባች። ኤርፖርት ሻንጣው ሲከፈት ፈታሹ ራዲያተሩን አንሥቶ «የየትኛው መኪና ነው?» አላት። «የወንድሜ ኮምፒውተር ነው» አለች። ሰውየው ራዲያተሩን አየ፣ እሷን አየ፣ መለሰው። ሁሉም አብሮ 4 ኪሎ ከ200 መጣ። በቀሪው 800 ግራም ለልጁ ዳይፐር ክሬም ተላከለት።

አጎቴ መጣ። ቴፍሎኑን ከኪሱ አወጣ፣ አሳየኝ፣ መልሶ ከተተው። ግን እውነቱን ልናገር፣ ቱቦ መቁረጥ የሚችለው እሱ ነው። እኔ የቆረጥኩት ሁሉ እንደ ዳቦ ሰያፍ ነው። እሱ አንድ ጊዜ ያየዋል፣ በአውራ ጣቱ ይለካል፣ ይቆርጣል፤ ቀጥ ያለ። መውጫውን ከታች በኋላ ማዕዘን በኩል ያደረግነው በእሱ ሐሳብ ነው፤ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ሳስቀምጠው ቫልቩ ባልዲ ላይ ይንጠለጠላል።

ስንገጥም አንድ ኦሪንግ ወደቀ። አልጋ ሥር፣ ምንጣፍ ሥር፣ ልጁ አፍ ውስጥ ሳይቀር ፈለግን። የለም። ትርፉ ከረጢት አዳነን። ጋሼ፣ 14 ብለው የቆጠሩልኝ ፊቲንግም ሳይጎድል በቃኝ።

የአየር ፍተሻው የመጀመሪያው ቀን አላለፈም። መርፌው በአምስት ደቂቃ ወረደ። ሁሉንም ፊቲንግ በሳሙና አረፋ አየሁ። አረፋ ያወጣው የመውጫው መክደኛ ነበር፤ ኦሪንጉን ሳላስገባ ገጥሜዋለሁ። ውሃ ቢሆን ኖሮ ሚኒባስ ውስጥ ነበር የማውቀው።

አሁን ቁጥሩ ይኸው። ክፍሉ 21 ሲሆን፣ አራት ሰዓት ሬንደር ካደረገ በኋላ ውሃው 35፣ ካርዱ 51 ዲግሪ ነው። ፋኖቹ 800 ዙር። የባትሪ ውሃውን መገናኛ አካባቢ አገኘሁት። ሻጩን «አሲድ አይደለም አይደል?» ብዬ ሦስት ጊዜ ስጠይቀው «መኪናህ ምንድን ነው?» አለኝ። መልስ አልሰጠሁትም።

የፓምፑ ድምፅ ግን አስቸግሮኝ ነበር። ቀን አይሰማም። ሌሊት እንደ ወባ ትንኝ ጥዝዝ ይላል። ኬዙን ነክቶ ነው የሚንቀጠቀጠው። የአሮጌ ሲሊፐር ሶል በፓምፑ ልክ ቆርጬ ከሥሩ አስገባሁለት፣ ፍጥነቱንም ወደ ግማሽ አወረድኩት። ጠፋ። የመጀመሪያው ሌሊት ባለቤቴ «መብራት ጠፋ እንዴ?» ብላ ቀስቅሳኛለች።

ነፋስ ይበቃል፣ አንተ ደግሞ ልክ ነበርክ። 250 ዋቱ ግማሹን ሥራ ሠርቷል። ግን ደስ ብሎኛል።

አሁን የቀረኝ ዩፒኤሱ ነው። ፓምፑን ዝም አሰኝቼ፣ ፋኑን ዝም አሰኝቼ፣ ትናንት ሌሊት 8 ሰዓት ላይ መብራት ሲጠፋ ዩፒኤሱ «ቲጥ፣ ቲጥ፣ ቲጥ» ማለት ጀመረ። ልጁ ነቃ፣ እኔም ነቃሁ፣ ፎቁም የነቃ ይመስለኛል። ፊቱ ላይ ያለው ቁልፍ ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው ዝም የሚያሰኘው። ከፍቶ የጩኸቷን ቁራጭ የነቀለ ሰው አለ?